ጥሪ ውስጥ ሌላ ጥሪ ሲኖር ሬጌክሴ ይበላሻል፤ ቅንፍ መቁጠር የሚችል ሬጌክስ አለ?

ናቲ_ስክሪፕት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቆየ ኮድ እያደስኩ ነው። የተጻፈው ባለቤቶቹ ለራሳቸው በሠሩት አነስተኛ የማክሮ ቋንቋ ስለሆነ ኤዲተር አያውቀውም፣ የተዘጋጀ ፓርሰርም (ኮዱን በሰዋስው ሕጉ የሚተነትን ፕሮግራም) የለውም። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ ሁለት አርጉመንት (በቅንፍ ውስጥ የሚሰጥ ዋጋ) የሚቀበል አንድ ፋንክሽን አለ፣ የአርጉመንቶቹ ቅደም ተከተል ይገልበጥ ተብሏል። ለዚህ ውይይት ስሙን «ጻፍ» ልበለው።

ጻፍ(መልእክት, 5)
ወደ
ጻፍ(5, መልእክት)

የተጠቀምኩት ሬጌክስ (በምልክቶች የተጻፈ የጽሑፍ መፈለጊያ ቅርጽ) ይሄ ነው፦

ጻፍ\((.*),(.*)\)

ተራ ጥሪ ላይ ይሠራል። የሚገርመው ጻፍ(ድምር(2, 3), 5) ላይም ይሠራል። እነዚህ ሁለቱ ላይ ግን ጉድ ያፈላል፦

ጻፍ(መልእክት, ትልቁ(1, 2))
ጻፍ(1, 2) + ጻፍ(3, 4)

በመጀመሪያው መስመር አንደኛው ግሩፕ (ሬጌክሱ በቅንፍ የሚይዘው ክፍል) «መልእክት, ትልቁ(1» የሚለውን ይዞ ይመጣል። በሁለተኛው ደግሞ ሁለቱን ጥሪዎች እንደ አንድ ቆጥሮ ይውጣቸዋል። ስግብግቡን «.*» በቁጥቡ «.*?» ስተካው ሁለተኛው መስመር ይስተካከልና ቀድሞ ይሠራ የነበረው ድምር(2, 3) ይሰበራል። «[^()]*» ስል ደግሞ ውስጡ ሌላ ቅንፍ የሌለውን ጥሪ ብቻ ነው የሚያየው። ፋይሎቹ ብዙ ስለሆኑ በእጅ ማረም አይታሰብም። ምን ይሻለኛል?

ሐቀኛው፦

ሬጌክስ ለዚህ አይሆንም። ፓርሰር ተጠቀም።

ናቲ_ስክሪፕት፦

@ሐቀኛው ፓርሰር የለውም ብዬ እኮ ጽፌያለሁ ወንድሜ።

ሐቀኛው፦

ጻፋ። ሰው የጻፈውን ቋንቋ ሰው ያነበዋል።

ጋሽ_ኮምፓይለር፦

ልጆች፣ ረጋ በሉ። ሐቀኛው ያለው ትክክል ነው፣ ግን ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ነገ ሌላ ሬጌክስ ይዞ ይመለሳል።

ሬጌክስ የሚባለው ነገር መነሻው የሒሳብ ወረቀት ነው። ስቲቨን ክሌኒ በፈረንጆች 1956 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የተወሰነ ብዛት ያላቸው ሁኔታዎች ብቻ ያሉት ማሽን የትኞቹን የፊደል ሰንሰለቶች መለየት እንደሚችል መረመረ። ኬን ቶምሰን በ1968 ይህንኑ ሐሳብ ጽሑፍ መፈለጊያ ፕሮግራም አደረገው። ቁልፉ ያለው «የተወሰነ ብዛት» የሚለው ላይ ነው። ማሽኑ ሌላ ማስታወሻ የለውም፤ እስካሁን ያነበበውን ሁሉ የሚያስታውሰው አሁን በቆመበት ሁኔታ ብቻ ነው።

አሁን ማሽንህ 10 ሁኔታዎች አሉት እንበል። ምንም ሳይዘጋ ከፋች ቅንፍ በተከታታይ 10 ጊዜ ስጠው። ከመነሻው ጋር 11 ጊዜ የሆነ ሁኔታ ላይ ቆሟል ማለት ነው፣ ያለው ግን 10 ብቻ ስለሆነ የግድ አንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሟል። 3 ቅንፍ ከተከፈተ በኋላ የቆመበትና 7 ቅንፍ ከተከፈተ በኋላ የቆመበት አንድ ሁኔታ ነው እንበል። ከዚያ በኋላ ለማሽኑ 3 እና 7 አንድ ናቸው። 3 ተከፍቶ 3 ሲዘጋ «ልክ ነው» ካለ፣ 7 ተከፍቶ 3 ሲዘጋም «ልክ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሁኔታዎቹን 10,000 ብታደርጋቸው ስሕተቱ ወደ ኋላ ይገፋል እንጂ አይጠፋም።

ስለዚህ የአንተ ሬጌክስ የተበላሸው «.*» ወይም «.*?» በመምረጥህ አይደለም። ስግብግቡ የመጨረሻውን ዘጊ ቅንፍ ይይዛል፣ ቁጥቡ የመጀመሪያውን ይይዛል። አንተ የምትፈልገው ግን ከከፋቹ ጋር የሚዛመደውን ነው፤ እሱ አንዳንዴ የመጨረሻው፣ አንዳንዴ የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም መካከለኛው ነው። ጻፍ(ድምር(2, 3), 5) ላይ የሠራልህ በአጋጣሚ የመጨረሻው ስለነበረ ነው።

የማታ_ኮደር፦

ጋሼ እንዳሉት ነው፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ክልከላው ጥልቀቱ ገደብ ሳይኖረው ሲቀር ነው። ሰው የሚጽፈው ኮድ ውስጥ ቅንፍ ስንት ጊዜ ይደራረባል? ከተወሰነ ጥልቀት እንደማያልፍ ካወቅክ ሬጌክሱን በእጅህ መዘርጋት ትችላለህ። እስከ 3 ደረጃ ለሚደርስ፦

\((?:[^()]|\((?:[^()]|\([^()]*\))*\))*\)

ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደረጃ ውስጡ አንድ ቅጂ ታስገባለህ። ለዓይን ያስጠላል፣ ግን በጃቫስክሪፕትም በጃቫም በጎ (Go) ቋንቋም ይሠራል። በእጅ መጻፍ የለብህም፤ በሉፕ ስትሪንጉን እየገጣጠምክ 8 ደረጃ ማድረስ ሁለት መስመር ኮድ ነው።

ሚሚ_ባክኤንድ፦

@የማታ_ኮደር 9ኛው ደረጃ የመጣ ቀንስ? ስሕተት ብሎ ቢቆም ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን የውጪውን ቅንፍ ዘሎ ወደ ውስጥ ይገባና እዚያ የሚስማማውን ይዞ «አገኘሁ» ይላል። ለፍለጋ ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ኮድ ለመቀየር ግን እኔ አልደፍርም።

የማታ_ኮደር፦

@ሚሚ_ባክኤንድ ልክ ነሽ፣ ለፍለጋ ነው እንጂ ለመቀየር አልመክርም። ለመቀየር ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጪ መሄድ አለ። ውስጡ ሌላ ቅንፍ የሌለውን «\([^()]*\)» ፈልገህ ጽሑፉን ዝርዝር ውስጥ ታስቀምጥና በቦታው ⟦0⟧፣ ⟦1⟧፣ ⟦2⟧ እያልክ ምልክት ትተካለህ። ደግመህ ትፈልጋለህ፤ ቅድም የውጪ የነበረው አሁን የውስጥ ሆኗል። ምንም ቅንፍ ሳይቀር ሲያበቃ እያንዳንዱ ጥሪ ጠፍጣፋ ነው፤ አርጉመንቶቹን ትገለብጥና ምልክቶቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ትመልሳለህ። የትኛውም ኢንጂን (ሬጌክስ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ይህን ይችላል። ምልክቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ጨርሶ የሌለ መሆን አለበት፣ ስትሪንጎችንም (በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ) በዚሁ ዘዴ አስቀድመህ መደበቅ አለብህ።

ዜሮ_ኢንዴክስ፦

ለምን ታደክሙታላችሁ? ዛሬ ሬጌክስ የሚባለው የክሌኒ ሬጌክስ አይደለም። ፒሲአርኢ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የሬጌክስ ላይብረሪ) ራሱን የሚጠራ ፓተርን ከቻለ ቆይቷል፤ ፐርል ከ5.10 ጀምሮ፣ ማለትም ከፈረንጆች 2007 ወዲህ ይችላል። ፒኤችፒ የሚጠቀመው ፒሲአርኢን ስለሆነ እዚያም አለ። ሩቢም የራሱ አጻጻፍ አለው። ይኸው፦

\((?:[^()]++|(?0))*+\)

«(?0)» ማለት «ሙሉ ፓተርኑን እዚህ ቦታ ላይ እንደገና ሞክር» ነው። ከፋች ቅንፍ፣ ከዚያ ወይ ቅንፍ ያልሆነ ጽሑፍ ወይ ራሱ ሌላ የተሟላ ቅንፍ፣ በመጨረሻ ዘጊ። ገደብ የለውም፣ ቆጠራውን ኢንጂኑ በራሱ ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ማስታወሻ) ይይዘዋል።

ለናቲ ጉዳይ እስከ መጨረሻው እንሂድ፦

ጻፍ\(((?:[^(),]++|(\((?:[^()]++|(?2))*+\)))*+),((?1))\)

ግሩፕ 2 የተሟላ ቅንፍ ነው፣ ራሱን በ«(?2)» ይጠራል። ግሩፕ 1 አንድ አርጉመንት ነው፦ ኮማም ቅንፍም ያልሆነ ጽሑፍ ወይም የተሟላ ቅንፍ። ቅንፍ ውስጥ ያለ ኮማ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም ግሩፕ 2 አብሮ ይውጠዋል። ግሩፕ 3 ደግሞ የግሩፕ 1ን ሕግ በ«(?1)» ተውሶ ሁለተኛውን አርጉመንት ይይዛል። መተኪያው «ጻፍ($3, $1)» ነው። ከ$3 ፊት ያለውን ክፍተት አጽዳው። ከስሙ በፊት ደግሞ «(?<![ሀ-ፚ])» ጨምርበት፤ አለዚያ «ዳግምጻፍ» የሚባል ፋንክሽን ካለ እሱንም ይነካዋል።

ናቲ_ስክሪፕት፦

@ዜሮ_ኢንዴክስ በስመ አብ! ሁለቱም መስመሮች ላይ ሠራ። ግን ይሄኛው ላይ የውስጡን አልነካውም፦

ጻፍ(ሀ, ጻፍ(ለ, 1))

ውጤቱ ጻፍ(ጻፍ(ለ, 1), ሀ) ነው። ሁለተኛ ጊዜ ላስኪደው?

ሚሚ_ባክኤንድ፦

ተው፣ እንዳታስኬደው! መገልበጥን ስትደግመው ወደ ነበረበት ነው የሚመለሰው። ሁለተኛው ዙር የውጪውን መልሶ ይገለብጥና የውስጡን እንደገና ያልፈዋል፤ ከተነሳህበት አንዲት እርምጃ አልተነቃነቅክም። በዚህ ላይ በመጀመሪያው ዙር የተስተካከሉት ሌሎች ፋይሎችም አብረው ይበላሻሉ፣ ያኔ የተገለበጠውን ካልተገለበጠው የሚለይ ሰው አይገኝም።

በሬጌክስ ልቀጥል ካልክ ስትተካ ስሙንም ቀይር፦ «ጻፍ» የነበረውን ኮዱ ውስጥ በሌለ ጊዜያዊ ስም ተካው፣ ለምሳሌ «ጻፍ__አዲስ»። ከዚያ «ጻፍ(» የሚል እስኪጠፋ ደጋግመህ አስኪድ። የተቀየረው ስሙ ስለተለየ ዳግመኛ አይያዝም። ሁሉም ሲያልቅ ስሙን ትመልሳለህ።

ጋሽ_ኮምፓይለር፦

ሚሚ በደንብ አይታዋለች። እኔ ደግሞ የዜሮ ፓተርን ላይ አንድ ፋይል ልስጠው፦

ጻፍ("ዝርዝሩ (ያልተሟላ", 3)

ስትሪንጉ ውስጥ ያለው ቅንፍ ለሰው ፊደል ነው፣ ለፓተርኑ ግን ቅንፍ ነው። አልተዘጋምና ጥሪውን ጨርሶ አያገኘውም።

ዜሮ_ኢንዴክስ፦

እሺ ጋሼ፣ ይጨመርለታል። ስትሪንግ ማለት «"(?:[^"\\]|\\.)*+"» ነው፦ ከትእምርተ ጥቅስና ከባክስላሽ ውጪ ያለ ፊደል፣ ወይም ባክስላሽና ተከታዩ። የቅንፉ ፓተርን እንዲህ ይሆናል፦

\((?:[^()"]++|"(?:[^"\\]|\\.)*+"|(?0))*+\)

ለአርጉመንቱም እንደዚሁ።

ጋሽ_ኮምፓይለር፦

ኮሜንትስ? ኮዱ ውስጥ ለሰው ብቻ የሚጻፈው ማስታወሻስ?

ዜሮ_ኢንዴክስ፦

እሱም ይጨመራል... ግን እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ፓተርኑ ከስክሪኑ ይወጣል። ተዘርግቶ፣ በክፍተት ተከፋፍሎ የሚጻፍበት ስልት አለ፣ ያኔ ይነበባል።

ሚሚ_ባክኤንድ፦

እኔ የምሠራበት መንገድ ሌላ ነው፣ ናቲም ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። ሬጌክስ የሚጎብዝበትን ለሬጌክስ ስጠው፣ መቁጠሩን አንተ ቁጠር።

ሬጌክስ የሚጎብዝበት ጽሑፉን ቶክን ቶክን (ትርጉም ያላት ትንሽ ቁራጭ) አድርጎ መቁረጥ ነው። ስትሪንግ የት ተጀምሮ የት አበቃ፣ ኮሜንት የት አበቃ፣ ቅንፍና ኮማ የት ናቸው። እነዚህ አንዳቸውም ጥልቀት የላቸውም፣ ስለዚህ ጋሼ የነገሩን ክልከላ አይነካቸውም። አንድ ፓተርን ይበቃል፦

"(?:[^"\\]|\\.)*"|//.*|/\*[^*]*\*+(?:[^/*][^*]*\*+)*/|[(),]

ከግራ ወደ ቀኝ፦ ስትሪንግ፣ ወይም የአንድ መስመር ኮሜንት፣ ወይም የብዙ መስመር ኮሜንት፣ ወይም ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ። በዚህ ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ታስሰዋለህ፦

ጥልቀት = 0
ለእያንዳንዱ ቶክን፦
    ስትሪንግ ወይም ኮሜንት ከሆነ፦ እለፈው
    «(» ከሆነ፦ ጥልቀት = ጥልቀት + 1
    «)» ከሆነ፦ ጥልቀት = ጥልቀት - 1
        ጥልቀት 0 ከሆነ፦ ጥሪው እዚህ አበቃ
    «,» ሆኖ ጥልቀት 1 ከሆነ፦ የኮማውን ቦታ መዝግብ

ቆጠራውን «ጻፍ» ከሚለው ስም ቀጥሎ ካለው ከፋች ቅንፍ ጀምር። ስሙን ራሱን እንደ አንድ ቶክን ፓተርኑ ላይ ጨምረው፤ ያኔ ኮሜንት ወይም ስትሪንግ ውስጥ የተጻፈ «ጻፍ» አያታልልህም። ጥሪው ሲያበቃ በተመዘገበው ኮማ ትከፍለዋለህ፣ ሁለቱን ክፍሎች ለዚሁ ፋንክሽን መልሰህ ትሰጣለህ፣ ከዚያ ገልብጠህ ትገጥማለህ። የውስጡ ጥሪ በዚያው መንገድ አንዴ ብቻ ይገለበጣል፣ ጊዜያዊ ስምም አያስፈልግም።

ስትሪንጉንና ኮሜንቱን ለምን በአንድ ፓተርን እንዳደረግኳቸው ላስረዳ፣ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ብዙዎች መጀመሪያ ኮሜንቶቹን ያጠፋሉ፣ ቀጥለው ስትሪንጎቹን ይፈልጋሉ። ስትሪንጉ ውስጥ የድረ ገጽ አድራሻ ካለ ሁለቱ ዝባሮች (//) እንደ ኮሜንት ይቆጠሩና ግማሽ መስመር ይጠፋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ስትሪንግ ቢያስቀድሙ ደግሞ ኮሜንት ውስጥ ያለች አንዲት ትእምርተ ጥቅስ ስትሪንግ ትከፍትና እስከሚቀጥለው ጥቅስ ያለውን ኮድ ሁሉ ታግበሰብሳለች። ሁለቱ በአንድ ፓተርን ሲሆኑ ግን በቦታ ቀድሞ የጀመረው ያሸንፋል። ስትሪንግ ውስጥ ያለውን ዝባር ስትሪንጉ ይውጠዋል፣ ኮሜንት ውስጥ ያለውን ጥቅስ ኮሜንቱ ይውጠዋል።

ዜሮ_ኢንዴክስ፦

ጥሩ ነው፣ ግን እኔ በአንድ መስመር የጨረስኩትን በሠላሳ መስመር ነው የጨረስሽው።

ሚሚ_ባክኤንድ፦

@ዜሮ_ኢንዴክስ አዎ። ግን ያንተ መስመር ቅንፉ ያልተዘጋ ጥሪ ሲያገኝ ምን ይላል? ምንም። አልገጠመም፣ አለፈ። ናቲ ሥራው አለቀ ብሎ ያስባል። የእኔ ቆጣሪ ግን ፋይሉ ሲያልቅ ጥልቀቱ 0 ካልሆነ፣ ወይም መሀል ላይ ከ0 በታች ከወረደ፣ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይናገራል። ጥልቀት 1 ላይ ያለው ኮማ አንድ ካልሆነም አልነካም ብሎ ይቆማል። የሰው ኮድ ስትቀይር ያልቀየርከውን ማወቅ አለብህ።

ዜሮ_ኢንዴክስ፦

እዚህ ላይ ተረታሁ።

እግረ መንገዴን፣ የእኔን ፓተርን የሚገለብጥ ሰው «++» እና «*+» የሚሉትን እንዳይተዋቸው። «አንዴ የያዝከውን አትልቀቅ» ማለት ናቸው። እነሱ ከሌሉ «(?:[^()]+|(?0))*» ይሆናል፤ የውስጡም የውጪውም ድግግሞሽ ያንኑ ጽሑፍ መከፋፈል ይችላሉ ማለት ነው። ቅንፉ ሳይዘጋ ሲቀር ኢንጂኑ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ሁሉንም አከፋፈል ይሞክራል። 30 ፊደል በስንት መንገድ ይከፋፈላል? 2 በ29 ኃይል፣ ማለትም 536,870,912። ለ31 ፊደል እጥፍ።

ፒኤችፒ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ የባክትራክ (ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ አከፋፈል የመሞከር) ገደብ አለው፣ ሳይለወጥ ከተተወ 1,000,000 ነው። ገደቡ ሲጣስ የመተኪያው ፋንክሽን የሚመልሰው ዋናውን ጽሑፍ ሳይሆን ባዶ ዋጋ ነው። ያንን ሳታጣራ ፋይሉ ላይ መልሰህ ከጻፍክ ፋይሉ ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ።

የማታ_ኮደር፦

ይህ ባክትራኪንግ ትልልቆቹንም አንበርክኳል። የፕሮግራመሮች መጠያየቂያው ድረ ገጽ ስታክ ኦቨርፍሎ ሐምሌ 20 ቀን 2016 በፈረንጆች ለ34 ደቂቃ የወደቀው በመስመር ዳርና ዳር ያለውን ክፍተት የሚያጸዳ ሬጌክስ ወደ 20,000 የሚጠጉ ተከታታይ ክፍተቶች ስላጋጠሙት ነው። የድረ ገጾች ጠባቂው ኩባንያ ክላውድፍሌር ደግሞ ሐምሌ 2 ቀን 2019፣ ለ27 ደቂቃ፣ በአንድ የጥበቃ ሕግ ውስጥ በነበረ ሬጌክስ። ሁለቱም ስለ ቅንፍ አልነበሩም፣ በሽታው ግን ይኸው ነው።

የጎ ሬጌክስና የረስቱ ከዚህ ነፃ ናቸው። ወደ ቶምሰን መንገድ ስለተመለሱ ጊዜው ከጽሑፉ ርዝመት ጋር ብቻ ነው የሚያድገው። ዋጋው ደግሞ እንደ «(?0)» ያለ ነገር ጨርሶ አለመኖሩ ነው።

ናቲ_ስክሪፕት፦

እኔ በፓይተን ነው የምሠራው። «(?0)»ን ቅድም የሞከርኩት በፒኤችፒ ነው፤ ፓይተን ላይ ሳስኪደው ፓተርኑን አልቀበልም አለኝ።

ዜሮ_ኢንዴክስ፦

አዎ፣ የፓይተን መደበኛ ሞጁል ሪከርሽን (ራሱን መጥራት) የለውም። «++» እና «*+» እንኳ የገቡለት በ3.11 ነው፣ በ2022። ለብቻው የሚጫን «ሬጌክስ» የሚባል ሌላ ሞጁል አለ፣ እሱ ይችላል። ጃቫና ጃቫስክሪፕት ላይ ተስፋ የለም። ዶትኔት ግን ራሱን አይጠራም እንጂ ስታክ አለው፦

\((?>[^()]+|(?<ክፍት>\()|(?<-ክፍት>\)))*(?(ክፍት)(?!))\)

ከፋች ሲያገኝ «ክፍት» ላይ ይደረድራል፣ ዘጊ ሲያገኝ ከላይ አንዱን ያነሳል፣ መጨረሻ ላይ የቀረ ካለ አልገጠመም ይላል። ሚሚ ቆጣሪ ብላ የጻፈችውን ሬጌክሱ ውስጥ አስገቡት ማለት ይቻላል።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ጣልቃ ልግባና፦ ሬጌክስ መቁጠር ካልቻለ ኤዲተሬ ኮዱን እንዴት ነው ቀለም የሚቀባው? የቀለም ፋይሉን ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ ሬጌክስ በሬጌክስ ነው።

ጋሽ_ኮምፓይለር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። በደንብ ብታየው ብዙዎቹ ሕጎች ጥንድ ናቸው፦ አንዱ የመጀመሪያ፣ አንዱ የመጨረሻ። ቪኤስ ኮድ ይህን ቅርጽ የወረሰው ከቴክስትሜት ኤዲተር ነው። የመጀመሪያው ሬጌክስ ሲገጥም ኤዲተሩ ሕጉን ስታክ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ውስጡ ሌላ ከተከፈተ በላዩ ይደርባል፣ የመጨረሻው ሲገጥም ያነሳል። ሬጌክሶቹ የሚያዩት ከፊታቸው ያለውን ቁራጭ ብቻ ነው፤ ጥልቀቱን የሚይዘው ከውጪ ያለው ስታክ ነው። ሚሚ ያሳየችው መንገድ ማለት ነው።

ስታክ ካነሳን አይቀር፦ ቆጣሪ የሚበቃው የቅንፍ ዓይነቱ አንድ ሲሆን ነው። ክብ፣ አራት ማዕዘንና ጥምዝ ቅንፍ ከተቀላቀሉ «([)]» ያለውን ለየብቻ ብትቆጥረው ሁሉም 0 ይመጣልና ልክ ነው ትላለህ። ያኔ የመጨረሻው የተከፈተ የቱ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል፣ እሱ ስታክ ነው።

@ናቲ_ስክሪፕት፣ የማክሮ ቋንቋው ኮሜንት ውስጥ ኮሜንት ይፈቅዳል?

ናቲ_ስክሪፕት፦

እንዴት አድርጌ ላውቅ እችላለሁ፣ ጋሼ? መመሪያ የሚባል ነገር አልተረፈም።

ጋሽ_ኮምፓይለር፦

«/* /* */ */» ብለህ ጻፍና አስኪደው። በመጨረሻው «*/» ላይ ስሕተት ካለህ እንደ ሲ (C) ቋንቋ ነው፦ ኮሜንቱ በመጀመሪያው መዝጊያ ያበቃል፣ የሚሚ ፓተርን ይበቃሃል። ዝም ብሎ ካለፈ እንደ ረስት፣ እንደ ስዊፍትና እንደ ኮትሊን ነው፤ ኮሜንቱ ራሱ ጥልቀት አለውና ለእሱም ቆጣሪ ትከፍታለህ። ስትሪንግ ውስጥ ኮድ የሚገባበት ስልት ካለም አጣራ። ፓይተን ከ3.12 ጀምሮ፣ በፒኢፒ 701 (የፓይተን ማሻሻያ ሰነድ)፣ እሴት የሚገባበት ስትሪንግ ውስጥ ያንኑ ጥቅስ ደግሞ መክፈትን ፈቅዷል። ያኔ ስትሪንግ አንድ ቶክን መሆኑ ይቀርና እሱም ስታክ ውስጥ ይገባል።

ሐቀኛው፦

ፓርሰር እየጻፋችሁ ነው። ስሙን ብቻ ነው የሸሻችሁት።

ሚሚ_ባክኤንድ፦

@ሐቀኛው ከአንተ ጋር አልጣላም። ግን ሙሉ ፓርሰር ስለ ቋንቋው ሁሉንም ማወቅ አለበት። ይሄ የሚያውቀው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ስትሪንግ፣ ኮሜንት፣ ቅንፍ፣ ኮማ። የቀረውን አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም። መመሪያው ለጠፋ ቋንቋ ከዚህ በላይ ምን ትጽፋለህ?

የማታ_ኮደር፦

ይሄን የሚሠራ የተዘጋጀ መሣሪያም አለ፣ ኮምቢ ይባላል። እንዲህ ትሰጠዋለህ፦

ጻፍ(:[1], :[2])
ጻፍ(:[2], :[1])

ቅንፉ እስኪሟላ አይቆምም፣ ስትሪንግና ኮሜንትም ለይቶ ያውቃል። ቋንቋህን ባያውቀው ከሲ ጋር ከተመሳሰለ የሲን ሕግ ንገረው። ጥሪ ውስጥ ጥሪ ባለበት ላይ ግን ሚሚ ስለ መልሶ መገልበጥ የተናገረችውን አትርሳ፣ በትንሽ ፋይል ፈትሽ።

ናቲ_ስክሪፕት፦

እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። የጋሼን ፈተና አስኬድኩት፣ መጨረሻው «*/» ላይ ስሕተት አለ፤ እንደ ሲ ነው። የሚሚን ቆጣሪ በፓይተን ጻፍኩት። መጀመሪያ ምንም ሳይቀይር እንዲቆጥር ብቻ አደረግኩት፣ አንዳንድ ፋይሎች ላይ «ኮማው አንድ አይደለም» ይላል። ገብቼ ሳይ «ጻፍ» ሦስት አርጉመንት የተሰጠባቸው ጥሪዎች አሉ! ሦስተኛውን ቋንቋው ዝም ብሎ ይጥለዋል መሰለኝ። በመጀመሪያው ሬጌክሴ ቢሆን እነዚህን ገለባብጬ ሄጄ ነበር።

ሚሚ_ባክኤንድ፦

እነሱን በእጅ። በስክሪፕት አትንካቸው፣ የጻፈው ሰው ምን አስቦ እንደነበር አይታወቅም።

ሰማያዊ_ስክሪን፦

ክሩ ከመዘጋቱ በፊት፦ ይሄ ቆጣሪ ድረ ገጽ ለሚጻፍበት ለኤችቲኤምኤልም ይሆናል? ቅንፉን በታግ ልተካው አስቤ ነበር።

ጋሽ_ኮምፓይለር፦

አይሆንም። እዚያ ሳይዘጋ መቅረት ሕጋዊ ነው። የዝርዝርና የአንቀጽ ታጎች መዝጊያቸው ቢተው ስሕተት አይደለም፣ የምስል ታግ ጭራሽ መዝጊያ የለውም፣ ታጉ ውስጥ ያለ የጥቅስ ጽሑፍ ደግሞ «>» ሊይዝ ይችላል። ቆጣሪህ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ 0 ላይ አይመለስም። ለኤችቲኤምኤል የተዘጋጀ ፓርሰር በየቋንቋው ሞልቷል፤ እዚያ ላይ የሐቀኛውን የመጀመሪያ መልስ ውሰድ።

ሐቀኛው፦

ስክሪንሹት አድርጌዋለሁ።